የቤታችንን ሳይዲንግ ለአበልጃችን እንስጠው ወይስ ለሌላ ተቋራጭ?

የጠያቂዋ ደብዳቤ

«ውድ የምክር ዓምድ አዘጋጅ፤ ከባለቤቴና ከሁለት ትንንሽ ልጆቻችን ጋር የምንኖረው ሜሪላንድ ውስጥ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ቤታችን እ.ኤ.አ. በ1952 የተሠራ ሲሆን ዙሪያውን ያረጀ የአሉሚኒየም ሳይዲንግ (የውጭ ግድግዳ ማልበሻ) ለብሷል። በሚያዝያ ወር የነፈሰው ኃይለኛ ነፋስ በምዕራብ በኩል ያለውን ገነጣጠለውና ከሥሩ ሲነኩት የሚሰባበር ግራጫ ንጣፍ ታየ። ሙሉውን ቪኒል በሚባለው ፕላስቲክ ለመቀየር ወስነን ሦስት ዋጋ ሰበሰብን። የመጀመሪያው የልጃችን የክርስትና አባት የሆነው አበልጃችን ነው፤ በ9,500 ዶላር እሠራዋለሁ፣ ለዕቃ መግዣ 5,000 በጥሬ ገንዘብ ስጡኝ ብሏል። ሁለተኛው በራችንን ያንኳኳ የአንድ ትልቅ ድርጅት ሻጭ ነው፤ 27,800 ብሎ ጀምሮ ዛሬ ማታ ከፈረማችሁ 21,900 አደርግላችኋለሁ፣ የኢንሹራንሳችሁንም ዲዳክቲብል (ኢንሹራንሱ ከመክፈሉ በፊት ከኪሳችሁ የሚወጣውን ድርሻ) እኛ እንችላለን አለን። ሦስተኛው 17,400 ዶላር የጠየቀ አነስተኛ ድርጅት ነው፤ አራት ገጽ ዝርዝር ላከልን፣ ነገር ግን ብናነበውም አልገባንም። ባለቤቴ አበልጃችንን የሥራ ፈቃድ አለህ ወይ ብሎ መጠየቅ ነውር ነው ይላል። እኔ ግን ፈርቻለሁ። ምን ትመክሩናላችሁ?»

ሐ.፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ

ውድ ወይዘሮ ሐ.፤

ፍርሃትዎ ተገቢ ነው፤ ባለቤትዎም ከክፋት ሳይሆን ከይሉኝታ እንደተናገሩ ይገባኛል። ምክሬን አስቀድሜ ልንገርዎና ምክንያቱን ቀጥዬ ላስረዳ፦ አበልጃችሁን ስለ ፈቃዱ ጠይቁት፣ ፈቃድ ከሌለው ሥራውን አትስጡት። ዛሬ ማታ ካልፈረማችሁ ያላችሁን ሻጭ አመስግናችሁ አሰናብቱት። የሦስተኛውን አራት ገጽ ደግሞ ቁጭ ብላችሁ መስመር በመስመር አንብቡት፤ ምክንያቱም ከሦስቱ መካከል ሊመረመር የሚችል ነገር በእጃችሁ ያስቀመጠው እርሱ ብቻ ነው። ይህ ማለት ግን ሦስተኛው ብቁ ነው ማለት አይደለም፤ ብቁነቱ የሚታወቀው ከዚህ በታች የምዘረዝራቸውን ጥያቄዎች ሲመልስ ነው።

ከአበልጃችሁ ጉዳይ ልጀምር፤ ደብዳቤዎን ያስጻፈዎ እርሱ ይመስለኛልና። በሜሪላንድ ሕግ መሠረት የመኖሪያ ቤት ጥገናና ማሻሻያ የሚሠራ ተቋራጭ ሁሉ፣ የግዛቲቱ የሠራተኛ መሥሪያ ቤት አካል ከሆነውና በተለምዶ ኤምኤችአይሲ እየተባለ ከሚጠራው የቤት ማሻሻያ ኮሚሽን ፈቃድ ማውጣት አለበት። ሳይዲንግ መቀየር በግልጽ በዚህ ሕግ ሥር ይወድቃል። ያለ ፈቃድ መሥራት ቀላል ጥፋት አይደለም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘ ሰው እንኳ እስከ 1,000 ዶላር መቀጮ ወይም እስከ 6 ወር እስራት ሊፈረድበት ይችላል። ከዚህም በላይ የሜሪላንድ ፍርድ ቤቶች ፈቃድ የሌለው ተቋራጭ የገባውን ውል አያስፈጽሙለትም፤ ማለትም ሥራውን ጨርሶ ገንዘቡን ብትከለክሉት እንኳ በውሉ ከስሶ ሊያስከፍላችሁ አይችልም። ስለዚህ ጥያቄው እናንተን ብቻ ሳይሆን አበልጃችሁንም ከአደጋ የሚጠብቅ ነው። ለልጃችሁ የክርስትና አባት የሆነን ሰው በወንጀል ሊያስጠይቀው የሚችል ሥራ አለመስጠት፣ በእኔ እምነት፣ ከፍቅር የሚመነጭ ጥንቃቄ ነው።

በእናንተ በኩል ደግሞ ትልቁ ቁም ነገር የዋስትና ፈንዱ ነው። ኮሚሽኑ ፈቃድ ካላቸው ተቋራጮች በሚሰበሰብ ገንዘብ የሚተዳደር ፈንድ አለው፤ ፈቃድ ያለው ተቋራጭ ሥራውን ጥሎ ቢሄድ፣ አበላሽቶ ቢሠራ ወይም ሳይጨርስ ቢቀር፣ የቤቱ ባለቤት ጉዳቱን አስረድቶ ለተቋራጩ ከከፈለው ሳይበልጥ እስከ 30,000 ዶላር ድረስ ከዚህ ፈንድ ካሣ ሊጠይቅ ይችላል። አቤቱታው ጉዳቱ ከታወቀበት ጊዜ ጀምሮ በ3 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። ተቋራጩ ፈቃድ ከሌለው ግን የፈንዱ በር ዝግ ነው፤ ማንም ምንም ያህል ቢያዝንላችሁ ከዚያ አንድ ሳንቲም አይወጣም። እንግዲህ 9,500 ዶላር ከ17,400 ጋር ሲነጻጸር እጅግ ርካሽ የሚመስለው ይህ ጥበቃ ከዋጋው ውስጥ ስለሌለበት ጭምር ነው።

የጠየቀው 5,000 ዶላርም ሌላው የሚያሳስበኝ ነገር ነው። በሜሪላንድ ተቋራጭ ውል ሲፈረም ወይም ከዚያ በፊት ከጠቅላላው ዋጋ ከአንድ ሦስተኛ በላይ መቀበል አይፈቀድለትም። የ9,500 አንድ ሦስተኛ 3,166 ዶላር ከጥቂት ሳንቲም ነው፤ እርሱ የጠየቀው ከግማሽ በላይ ነው። አበልጃችሁ ሕጉን ሳያውቅ በቅንነት ጠይቆ ይሆናል፤ ብዙ ወገኖቻችን በዚህ አገር የግንባታ ሥራን በእጃቸው ተምረው፣ ሙያውን በሚገባ ይዘው፣ የወረቀቱን በኩል ግን ሳያሟሉ ይሠራሉ። እንዴት እንደምትነግሩት ከጠየቃችሁኝ፣ ባለቤትዎ ለብቻው አግኝተውት እንዲህ ቢሉት ይበቃል ብዬ አምናለሁ፦ «ወንድሜ፣ ይህ ቤት ያለን ሀብት ሁሉ ነው፤ ኢንሹራንሱም ባንኩም የሥራ ፈቃድ ቁጥርና የተጻፈ ውል ይጠይቁናል፤ የኤምኤችአይሲ ቁጥር ካለህ ስጠንና ከሌሎቹ ጋር አብረን እናየዋለን፤ ከሌለህ ደግሞ አንተን ችግር ውስጥ መክተት አንፈልግም።» ፈቃድ ካለው በዚህ አይቀየምም። ከሌለው ደግሞ የሁለት ዓመት የሥራ ልምዱን አስረድቶ ፈተናውን ወስዶ ማውጣት የሚችልበት መንገድ እንዳለ ጠቁሙት፤ እውነተኛ ባለሙያ ከሆነ ይህ ምክር ከእናንተ ቤት ሥራ በላይ ይጠቅመዋል።

አሁን ፈቃድ አለኝ የሚለውን ሰው እንዴት እንደምትመረምሩ ልንገራችሁ፤ ይህ ለአበልጃችሁም ለሦስተኛውም ድርጅት እኩል ይሠራል። የፈቃድ ቁጥሩን ተቀብላችሁ በሜሪላንድ የሠራተኛ መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ ፈልጉት። ቁጥሩ መኖሩን ብቻ አይታችሁ አትተዉት፤ ጊዜው አለማለፉን፣ በማን ስም እንደተመዘገበ፣ ያ ስም በውሉ ላይ ከተጻፈውና ቼኩ ከሚጻፍለት ስም ጋር አንድ መሆኑን አረጋግጡ። ይህን የምለው የሌላ ሰው ፈቃድ ተውሶ የሚሠራ ስለማይጠፋ ነው፤ ቁጥሩ ትክክለኛ ይሆናል፣ ሥራውን የሚሠራው ግን ከዚያ ፈቃድ ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው ሰው ነው፣ ነገሩ ሲበላሽም ባለፈቃዱ «እኔ ከእናንተ ጋር ውል የለኝም» ይላል። ክፍያው «ለወንድሜ አካውንት ላኩልኝ» ወይም «በግል ስሜ በዜል (በስልክ ገንዘብ መላኪያ) አድርጉልኝ» ሲባል ጆሯችሁ መቆም አለበት። ዋናው ተቋራጭ ሥራውን ለሌላ ቡድን የሚያስተላልፍ ከሆነም የዚያ ንዑስ ተቋራጭ ፈቃድ እንዲሁ መጠየቅ አለበት። ከዚያ ቀጥሎ የሜሪላንድ ፍርድ ቤቶች ለሕዝብ ክፍት ያደረጉት የመዝገብ መፈለጊያ ስላለ የድርጅቱንና የባለቤቱን ስም አስገቡበት፤ የሞንትጎመሪ ካውንቲ የሸማቾች ጥበቃ ቢሮም አቤቱታ ቀርቦበት እንደሆነ ይነግራችኋል። አንድ ክስ መገኘቱ ብቻውን ሰውን ጥፋተኛ አያደርግም፤ ተመሳሳይ ቅሬታ ደጋግሞ ከተገኘ ግን ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም።

የኢንሹራንስ ጉዳይ ብዙ ሰው በአንድ ጥያቄ የሚያልፈው ነው። «ኢንሹራንስ አለህ?» ሲባል «አዎ» የማይል ተቋራጭ የለም። ማወቅ የሚያስፈልጋችሁ ሁለት ነገር ነው፦ በንብረታችሁ ወይም በጎረቤት ንብረት ላይ ለሚደርስ ጉዳት የሚከፍለው የተጠያቂነት መድንና፣ ሠራተኛ ከመሰላል ወድቆ ቢጎዳ የሚያሳክመው የሠራተኞች ካሣ መድን። ሁለተኛው ከሌለ የተጎዳው ሠራተኛ ወይም ጠበቃው ፊቱን ወደ ቤቱ ባለቤት ሊያዞር ይችላል፤ ሳይዲንግ ደግሞ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በመሰላልና በመወጣጫ ላይ የሚሠራ ሥራ ነው። ማስረጃውን ተቋራጩ በስልኩ ሲያሳያችሁ አትርኩ፤ የኢንሹራንስ ወኪሉ የእናንተን ስምና አድራሻ ጠቅሶ በቀጥታ ለእናንተ እንዲልክ ጠይቁ። ብቁ ተቋራጭ ይህን ብዙ ጊዜ ያደረገው ስለሆነ አይከብደውም።

ስለ ሁለተኛው ሻጭ ረጅም ነገር አልጽፍም። በአንድ ምሽት 5,900 ዶላር ሊቀንስ የሚችል ዋጋ ሲጀመርም እውነተኛ ዋጋ አልነበረም፤ የቸኮለውም ሌላ ዋጋ እንዳታዩ ነው። ዲዳክቲብላችሁን እንችላለን ያለው ደግሞ ከዚህ የከፋ ነው፤ ያንን ገንዘብ ከኪሱ አያወጣውም፣ ለኢንሹራንሱ የሚቀርበውን ሒሳብ ከፍ አድርጎ ይጽፈዋል እንጂ፤ በዚያ ሐሰተኛ ሒሳብ ላይ ተጠያቂ ከሚሆኑት አንዱ ጥያቄውን ያቀረበው የቤቱ ባለቤት ነው። ምናልባት እስካሁን ፈርማችሁለት ከሆነ አትደንግጡ። የፌዴራል ሕግ በቤታችሁ ተገኝቶ ለሸጠላችሁ ሻጭ የገባችሁትን ውል በ3 የሥራ ቀን ውስጥ እንድትሰርዙ ይፈቅዳል፤ ሜሪላንድ ደግሞ ይህን ወደ 5 የሥራ ቀን፣ ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሰዎች ወደ 7 የሥራ ቀን አራዝማዋለች። ስረዛውን በስልክ ሳይሆን በጽሑፍ አድርጉት፣ የተላከበትን ቀን የሚያሳይ ደረሰኝም ያዙ። በነፋስ የደረሰውን ጉዳት ግን እናንተው በቀጥታ ለኢንሹራንሳችሁ አሳውቁ፤ የተገነጠለውን ክፍል ከቅርብም ከሩቅም ፎቶ አንሱ፣ ክፍት የሆነውን ግድግዳ በሸራ ሸፍኑና የሸራውን ደረሰኝ አስቀምጡ።

አሁን ወደ ቤታችሁ ልምጣ፤ ከደብዳቤዎ ውስጥ ያስጨነቀኝ ከዋጋውም ከሻጩም በላይ ያ ግራጫ ንጣፍ ነውና። በ1952 በተሠራ ቤት ላይ፣ በአሉሚኒየም ሥር የሚገኝ፣ ሲነካ የሚሰባበር ግራጫ ንጣፍ አስቤስቶስ የሚባለው ክር መሰል ማዕድን የተቀላቀለበት የሲሚንቶ ንጣፍ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው፤ በዚያ ዘመን ቤት ማልበሻ ሆኖ በብዛት ይሸጥ ነበር። ንጣፉ ሳይሰበር በቦታው እስካለ ድረስ አደጋው አነስተኛ ነው፤ በመዶሻ ሲሰበር፣ በመጋዝ ሲቆረጥ ወይም ሲቦረቦር ግን ዓይን የማያየው ክር መሰል ብናኝ ይወጣል፣ ወደ ሳንባ የገባው ብናኝም ከብዙ ዓመት በኋላ ለካንሰር ሊዳርግ ይችላል። ስለዚህ ከማንም ጋር ከመፈራረማችሁ በፊት ናሙናው በላቦራቶሪ ይመርመር፤ ናሙናውንም የሠለጠነ ሰው ይውሰድ። አስቤስቶስ ሆኖ ከተገኘ ማንሳቱ የሳይዲንግ ሠራተኞች ሥራ አይደለም፣ ለዚሁ ፈቃድ ያለው ድርጅት ሥራ ነው። እስከዚያው የወደቀውን ስብርባሪ አትጥረጉት፣ ልጆቹም በዚያ በኩል እንዳይጫወቱ ከልክሏቸው።

ከዚያ ባልተናነሰ የሚያሳስበው የሊድ ቀለም፣ ማለትም እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ያለበት ቀለም ነው። በመኖሪያ ቤት ውስጥ ሊድ ያለበት ቀለም በፌዴራል ደረጃ የታገደው እ.ኤ.አ. በ1978 ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት የተሠራ ቤት ሁሉ በምርመራ ነጻ መሆኑ እስካልተረጋገጠ ድረስ እንዳለበት ይቆጠራል። ከ2010 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ደንብ መሠረት፣ ከ1978 በፊት በተሠራ ቤት ላይ በውጭ በኩል ከ20 ስኩዌር ጫማ በላይ ቀለም የሚነካ ሥራ የሚሠራ ድርጅት ከኤጀንሲው የምስክር ወረቀት ሊኖረው፣ ሥራውንም የሠለጠነ ሰው ሊመራው ይገባል፤ ከመጀመሩ በፊትም ስለ ሊድ አደጋ የሚያስረዳ ትንሽ መጽሔት ለባለቤቱ መስጠት ግዴታው ነው። ይህ ለእናንተ ተቋራጩን መፈተኛ ይሁናችሁ። ሦስቱም ዋጋ ሰጪዎች ቤቱን መጥተው አይተዋል፤ ከመካከላቸው ቤቱ መቼ ተሠራ ብሎ የጠየቀ፣ ግራጫውን ንጣፍ ጎንበስ ብሎ አይቶ «ይህን ሳናስመረምር አልነካውም» ያለ ማን ነበር? አንዳቸውም ካላሉ፣ አራተኛ ዋጋ እንድትፈልጉ እመክራለሁ። ሁለት ትንንሽ ልጆች ባሉበት ቤት ግቢ ውስጥ የሊድ አቧራ ያለ ጥንቃቄ የሚበትን ሰው፣ ቪኒሉን የቱንም ያህል አሳምሮ ቢገጥመው፣ ብቁ ተቋራጭ አልለውም።

አሁን የሙያውን ብቃት እንይ። ብዙ ሰው ሳይዲንግ ራሱ ቤቱን ከዝናብ የሚጠብቅ ይመስለዋል። ቪኒል ሳይዲንግ የዝናቡን ብዛት ይቀንሳል እንጂ ውኃ አያግድም፤ በነፋስ የተገፋ ዝናብ በመጋጠሚያውና በመስኮቱ ዙሪያ ሁልጊዜ ይገባል፣ ይህም የታወቀና የሚጠበቅ ነው። ቤቱን የሚያድነው ከቪኒሉ በስተጀርባ ያለው ሃውስ ራፕ የሚባለው ውኃ የሚያግድ ልባስና፣ በመስኮት፣ በበር፣ በጣራና በዴክ መገናኛ ላይ የሚገባው ፍላሺንግ የሚባለው የታጠፈ ቆርቆሮ ነው። ስለዚህ ተቋራጩን ስለ ቀለሙና ስለ ብራንዱ ከመጠየቃችሁ በፊት ስለዚህ ስለማይታየው ክፍል ጠይቁት። ልባሱ ከታች ወደ ላይ መነጠፍ አለበት፤ የላይኛው የታችኛውን እየደረበ ሲወርድ የገባው ውኃ ወደ ውጭ ይንሸራተታል፣ ከተገላበጠ ግን ውኃው ወደ እንጨቱ ይመራል። «በመስኮቱ አናት ላይ ቆርቆሮውንና ልባሱን እንዴት ታደራርባለህ?» በሉት። ሙያውን የሚያውቅ ሰው በእጁ እያሳየ ያስረዳችኋል፤ የማያውቀው «ዙሪያውን ሲሊኮን እንሞላዋለን» ይላል። ሲሊኮን ከጥቂት ዓመት በኋላ ይሰነጠቃል፣ ያኔም የገባው ውኃ መውጫ አያገኝም። የጣራው ተዳፋት ከግድግዳ ጋር ተገናኝቶ የሚያበቃበትን ቦታም አሳዩት፤ እዚያ ላይ ውኃውን ከግድግዳው አርቆ ወደ አሸንዳው የሚመልስ ትንሽ የታጠፈ ቆርቆሮ ካልተገጠመ፣ ከጣራው የሚወርደው ዝናብ ሁሉ ከሳይዲንጉ ጀርባ ገብቶ ፕላይውዱን ያበሰብሳል። ከውጭ ሲታይ ግን ለዓመታት ምንም አይታወቅም።

ከዚያ ሚስማሩ ነው። ቪኒል በሙቀትና በብርድ በጣም ይለጠጣል፣ ይኮማተራል፤ ርዝመቱ 12 ጫማ የሆነ አንድ ቁራጭ ከክረምት እስከ በጋ ግማሽ ኢንች ያህል ሊለዋወጥ ይችላል። ለዚህም ነው የሚስማሩ ቀዳዳ ክብ ሳይሆን ረዘም ያለ የሆነው። ሚስማሩ በቀዳዳው መሐል ገብቶ፣ ጭንቅላቱ ከቪኒሉ ጋር ሳይጣበቅ ከ1 ሚሊሜትር ያነሰ ክፍተት መተው አለበት፤ ጫፉም በማዕዘኑና በመስኮቱ ክፈፍ ውስጥ ሩብ ኢንች፣ ብርድ በሆነ ቀን ከተገጠመ ደግሞ 3/8 ኢንች ቦታ ይፈልጋል። ሳይዲንጉ እንደ መጋረጃ ተሰቅሎ ግራና ቀኝ መንሸራተት አለበት። የሚቸኩል ሠራተኛ ሚስማሩን ጠብቆ እስኪይዝ ይመታዋል፤ በሐምሌ ፀሐይ ቪኒሉ የሚሄድበት ሲያጣ ይጎብጣል፣ ይሞገዳል። ይህን ራሳችሁ ማረጋገጥ ትችላላችሁ፦ ሥራው በተጀመረ ቀን፣ ጥቂት መስመር እንደተገጠመ፣ አንዱን ቁራጭ በሁለት መዳፋችሁ ይዛችሁ ወደ ጎን ግፉት። ጥቂት ከተንቀሳቀሰ ደህና ነው፤ ጭራሽ ካልተነቃነቀ ሥራው ከመቀጠሉ በፊት አስቁሙት። ሌላው የብቁ ተቋራጭ ምልክት በቤቱ ዙሪያ ሲዞር የጎረቤታችሁን መስኮቶችና የባርቤኪው ማብሰያችሁን ቦታ ማየቱ ነው፤ ሎው ኢ ከሚባለው ሙቀት መላሽ ዘመናዊ የመስኮት መስታወት ላይ ተንጸባርቆ የሚመጣ ፀሐይ ቪኒል ሊያቀልጥ ይችላልና።

አሁን ያን አራት ገጽ አውጡት። ያልገባችሁ በቃላቱ ምክንያት ይመስለኛል፤ ለምሳሌ «20 ስኩዌር» ቢል አንድ ስኩዌር 100 ስኩዌር ጫማ ስለሆነ 2,000 ስኩዌር ጫማ ግድግዳ ማለት ነው። ሦስቱ ዋጋዎች አንድ ዓይነት ስፋት ለክተው እንደሆነ በዚህ ቁጥር ታወዳድራላችሁ። ቀጥሎ አሮጌው ሳይዲንግ ይነሣል ወይስ በላዩ ላይ ይገጠማል የሚለውን ፈልጉ፤ ከሥሩ አስቤስቶስ ካለ መልሱ ዋጋውን ሙሉ በሙሉ ሊቀይረው ይችላል። ሃውስ ራፑና ፍላሺንጉ በስም ተጽፈዋል? የበሰበሰ ፕላይውድ ቢገኝ በአንድ 4 በ8 ጫማ ቁራጭ ስንት እንደሚያስከፍል አስቀድሞ ተቀምጧል? ይህች አንዲት መስመር ከሌለች፣ ግድግዳው ተገልጦ ዝናብ እየተጠበቀ ባለበት ቀን የሚጠራላችሁን ዋጋ እሺ ከማለት በቀር ምርጫ አይኖራችሁም። የቪኒሉ አምራች፣ ዓይነት፣ ውፍረትና ቀለም፣ አሸንዳው ተነሥቶ እንደሚመለስ፣ ቆሻሻውን ማን እንደሚያነሣ፣ ሥራው በግምት መቼ ተጀምሮ መቼ እንደሚያልቅ፣ የድርጅቱ አድራሻና የፈቃድ ቁጥር በውሉ ላይ መስፈር አለባቸው፤ ከእነዚህም ብዙዎቹን የሜሪላንድ ሕግ ራሱ ያዛል። ውሉ ሲጠናቀቅ የተፈረመ ቅጂ ሥራው ከመጀመሩ በፊት በእጃችሁ ይግባ። ለሥራው የግንባታ ፈቃድ ከካውንቲው ማውጣት ያስፈልግ እንደሆነም ወደ ካውንቲው የመረጃ ስልክ 311 ደውላችሁ እናንተው ጠይቁ፤ የሰፈር ማኅበር ካላችሁ ደግሞ የቀለሙን ለውጥ ቀድሞ ማጽደቅ ሊፈልግ ይችላል።

የዋስትናውን ገጽ ስታነቡ ሁለቱን ለዩ። አምራቹ «የዕድሜ ልክ» ብሎ የሚሰጠው ዋስትና ለዕቃው ብቻ ነው፤ ዕቃው ከመመሪያው ውጭ ከተገጠመ ደግሞ እርሱም አይሠራም። ስለ አገጣጠሙ የሚጠየቀው ተቋራጩ ነው፣ ስለዚህ የእጅ ሥራውን ለስንት ዓመት እንደሚያረጋግጥ በጽሑፍ ያስቀምጥ። ያሠራቸውን ሰዎች ስም ስትጠይቁትም ባለፈው ወር የጨረሰውን ብቻ አትቀበሉ፤ አዲስ ሥራ ሁሉ ያምራል። ከአራትና ከአምስት ዓመት በፊት የሠራውን ቤት አድራሻ ጠይቁና ባለቤቱ ከፈቀደ በከሰዓት ፀሐይ፣ በምዕራብ ወይም በደቡብ በኩል ቆማችሁ ግድግዳውን ከጎን ተመልከቱት፤ የጎበጠ፣ የተለቀቀ ወይም በመስኮት ሥር የጠቆረ ነገር ካለ ያኔ ይታያል።

ክፍያውን በሥራው ሂደት ከፋፍሉት። ሲፈረም ከአንድ ሦስተኛ ያልበለጠ፣ ለ17,400 ዶላር ቢሆን ከ5,800 ያልበለጠ፤ ዕቃው ግቢ ገብቶ አሮጌው ከተነሣና ልባሱ ከተነጠፈ በኋላ ሁለተኛው፤ የመጨረሻው ደግሞ ሁሉም አልቆ ዙሪያውን አብራችሁ ከዞራችሁ በኋላ። ሁለተኛውን ክፍያ ከመስጠታችሁ በፊት ልባሱንና የመስኮቶቹን ፍላሺንግ ፎቶ አንሱ፤ በማግስቱ ቪኒሉ ይሸፍነዋል፣ ከዚያ በኋላ ማንም አያየውም። በቼክ ወይም በክሬዲት ካርድ ክፈሉ። የመጨረሻውን ቼክ ስትሰጡም ዕቃ አቅራቢውና ንዑስ ተቋራጮቹ ገንዘባቸውን እንደተቀበሉና በቤቱ ላይ የእዳ ይገባኛል ጥያቄ እንደማያነሡ የሚገልጽ የተፈረመ ወረቀት ተቀበሉ፤ ዋናው ተቋራጭ ከእናንተ ተቀብሎ ለእነርሱ ካልከፈለ እዳውን በቤታችሁ ላይ ለማስመዝገብ ሊሞክሩ ስለሚችሉ ነው።

ይህን ዓምድ የምታነቡ የቨርጂኒያ ነዋሪዎች፣ ለእናንተ ፈቃዱን የሚሰጠው ዲፖር የሚባለው መሥሪያ ቤት ነው፤ ፈቃዱም እንደ ሥራው ዋጋ ኤ፣ ቢ እና ሲ ተብሎ ስለሚመደብ፣ ተቋራጩ የያዘው ምድብ ለእናንተ ሥራ ዋጋ የሚበቃ መሆኑን አረጋግጡ።

ወይዘሮ ሐ.፣ በመጪዎቹ ቀናት ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን፦ መጀመሪያ ግራጫውን ንጣፍ አስመርምሩ፣ ለኢንሹራንሱ አሳውቁ፣ ባለቤትዎ አበልጃችሁን ያነጋግሩ፤ ከዚያ የላቦራቶሪውን ውጤት ይዛችሁ ሦስተኛውን ድርጅትና ቢያንስ አንድ ሌላ ፈቃድ ያለው ተቋራጭ በድጋሚ ቤቱን እንዲያዩና ዋጋቸውን እንዲያስተካክሉ ጥሩ። 17,400 ያለው ከፍ ቢል አትገረሙ፤ ያ ቁጥር የወጣው ከንጣፉ ምርመራ በፊት ነው። ሥራው አልቆ ሠራተኞቹ ዕቃቸውን ሲጭኑም የተረፈውን ቪኒል ሁሉ ይዘው እንዳይሄዱ ንገሯቸው፤ ሁለትና ሦስት ሙሉ ቁራጭ ከቤዝመንት አስቀምጡ፣ አምራቹ ያን ቀለም መሥራት ካቆመ የተሰነጠቀውን የምትተኩበት ሌላ ዕቃ አታገኙምና።